ከነገረ መለኮት ክፍል ወደ ፕሬዚዳንት ወንበር

(ድሬዳዋ ላይ ለዩኒቨርሲቲ መምህራንና ለነገረ መለኮት ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሳመጣው ጥቂት አስተካክዬዋለሁ፤ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ድሬ ላይ በዚህ ሰዓት ሰው ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል እንጂ አዳራሽ አይገባም፤ መጥታችሁልኛልና እግዜር ይስጥልኝ። ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ ሰው ነው። ቴዎዶር ሄስበርግ ይባላሉ። አሜሪካዊ የካቶሊክ ቄስ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው «አባ ቴድ» ነበር የሚሏቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። የተማሩት ነገረ መለኮት ነው። የሚታወቁት ግን በሌላ ነው፦ ኢንዲያና ውስጥ ያለውን ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ከ1952 እስከ 1987 በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። 35 ዓመት! (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እያቀያየርኩ እንዳላደናግራችሁ።)

ለምን እሳቸውን መረጥኩ? እኛ ጋ አንድ ጎበዝ መምህር ዲን ወይም ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆን «አለቀለት፣ ቢሮ በላው» እንላለን። ምሁርነቱ እዚያ ላይ ያበቃ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ እውነትም ያበቃል። ስብሰባ፣ ግዢ፣ ቅሬታ፣ ደብዳቤ፣ ከዚያ ጡረታ። የአባ ቴድ ታሪክ የያዘኝ እዚህ ላይ ነው። እኚህ ሰው በ28 ዓመታቸው በዶክትሬት ጽሑፋቸው የተከራከሩለትን ነገር፣ 50 ዓመት ሊሞላቸው አካባቢ በፕሬዚዳንትነታቸው ሥራ ላይ አዋሉት። ይህንን ነው ላሳያችሁ የምፈልገው።

ልጅነታቸውን በአጭሩ ልለፈው። በ1917 ሲራኪዩዝ በምትባል የኒውዮርክ ግዛት ከተማ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ቄስ እሆናለሁ አሉ፣ የቅዱስ መስቀል ማኅበር የሚባለውን የካህናት ማኅበር ተቀላቀሉ። ማኅበሩም ሮም ልኮ አስተማራቸው። የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ሲፋፋም ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ በ1943 ቅስና ተቀበሉ፣ በ1945 ደግሞ ዋሽንግተን ከሚገኘው የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በነገረ መለኮት ዶክትሬታቸውን ያዙ። የእሳቸው ፍላጎት የባሕር ኃይል ቄስ ሆኖ መዝመት ነበር። አለቆቻቸው ግን ኖትር ዳም ሄደህ አስተምር አሏቸው። ሄዱ።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንምጣ። ጽሑፉ ስለ ምእመናን ነው። ያልቀሰሰ ክርስቲያን፣ ነጋዴው፣ ነርሷ፣ ጠበቃው፣ በቤተ ክርስቲያን ሥራ ውስጥ ቦታው ምንድን ነው? በዚያ ዘመን የተለመደው መልስ «የካህኑ ረዳት ነው» የሚል ነበር። ካህኑ ያዛል፣ ምእመኑ ያግዛል። አባ ቴድ የተነሱት ከሁለት ምሥጢራት ነው፣ ከጥምቀትና ከሜሮን። ሰው ሲጠመቅና ሜሮን ሲቀባ የማይፋቅ ማኅተም ይታተምበታል። የምእመኑ ተልዕኮ የሚመነጨው ከዚያ ማኅተም ነው ብለው ተከራከሩ። ይህ ማለት ድርሻው ከካህኑ የተዋሰው አይደለም ማለት ነው። የራሱ ነው። በዓለም ውስጥ ሲሠራም በራሱ ኃላፊነት ነው የሚሠራው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም አለ። «ታዲያ ይህ ምኑ ይገርማል?» የሚል አይጠፋም። የሚገርመው ጊዜው ነው። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ምእመናን ድርሻ በጉባኤ ደረጃ በሰፊው የተናገረችው ከ1962 እስከ 1965 በተካሄደው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ላይ ነው። አባ ቴድ ሃያ ዓመት ያህል ቀድመው ነው የጻፉት።

ጽሑፉን ጨርሰው ገና ሳይቀመጡ ኑሮ ፈተናቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ የተመለሱት ወታደሮች በመንግሥት ወጪ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ብዙዎቹ ሚስትና ልጅ ያላቸው ናቸው። ኖትር ዳም ለባለትዳር ተማሪ ማደሪያ አልነበረውም። ስለዚህ የጦር እስረኞች ይኖሩባቸው የነበሩ ቤቶች ተነቅለው መጡና ግቢው ዳር ተተከሉ። ሰፈሩ «ቬትቪል» ተባለ። የሰፈሩ መንፈሳዊ አባት ሆነው የተመደቡት ወጣቱ አባ ቴድ ናቸው። እስቲ አስቡት። ቀን ክፍል ውስጥ ዶግማ ያስተምራሉ፣ ከዚያ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞሩ የትዳር ጠብ፣ የኑሮ ጭንቀት፣ የጨቅላ ልጅ ጣጣ ይሰማሉ። ስለ ምእመን በወረቀት ጽፈው ነበር፤ አሁን ምእመኑ ከነልጁና ከነሚስቱ በራቸው ላይ ቆመ። እኔ የአስተዳደር ትምህርታቸውን እዚያ ሰፈር ነው የጀመሩት ባይ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሹመቱ ተከታተለ። በ1948 የሃይማኖት ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ፣ በ1949 ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በ1952 ፕሬዚዳንት። 35 ዓመታቸው ነበር። ውድድር የለም፤ ማኅበሩ መደበ፣ እሳቸው ታዘዙ። ርክክቡን ራሳቸው እንደሚተርኩት ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት የቢሮውን ቁልፍ ሰጧቸውና፣ ዛሬ ማታ አንድ የቤተሰብ ማኅበር ላይ ለመናገር ቃል ገብቼ ነበር፣ አሁን ፕሬዚዳንቱ አንተ ስለሆንክ ሂድ አሏቸው። በቃ፣ ርክክቡ ይኸው ነው።

ኖትር ዳም ያኔ ስሙ የሚነሳው በፉትቦል ነበር፣ ያ ሞላላ ኳስ ባለው የአሜሪካኖቹ ጨዋታ። መጀመሪያ ሰሞን የስፖርት ጋዜጠኞች ኳስ ይዘው ፎቶ እንዲነሱላቸው ቢጠይቋቸው እምቢ አሉ። የመጡት ዩኒቨርሲቲ ለመምራት ነዋ። ሲረከቡ የዓመቱ የሥራ ማስኬጃ ባጀት 9.7 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ሲለቁ 176.6 ሚሊዮን ደርሷል። ተማሪው ከ4,979 ወደ 9,600፣ መምህሩ ከ389 ወደ 950 አድጓል። እዚህ ላይ ሰው የሚረሳቸው አንድ ሰው አሉ፣ አባ ኔድ ጆይስ። ሒሳቡንና ስፖርቱን 35ቱንም ዓመት የያዙት እኚህ ምክትላቸው ናቸው። አባ ቴድ አገር ላገር ሲዞሩ ቤቱን የጠበቁት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ምክትል የሌለው ፕሬዚዳንት ብዙም አይራመድም።

የመጀመሪያው ከባድ ፈተና የመጣው በ1954 ነው። የመጣውም ከጠላት ሳይሆን ከራሳቸው ቤት ነው። የኖትር ዳም ማተሚያ ቤት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ውስጥ ጆን ኮርትኒ ሙሬይ የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ሊቅ ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ግንኙነት የጻፉት ምዕራፍ ነበረበት። ሙሬይ የሃይማኖት ነፃነትን የሚደግፍ ሐሳብ ነበር የሚያራምዱት። ሮም ያሉት ብርቱው ካርዲናል ኦታቪያኒ ይህ አልተዋጠላቸውም። በማኅበሩ የበላይ አለቃ በኩል መጽሐፉ ከገበያ ይሰብሰብ የሚል ትእዛዝ መጣ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አለቃቸው ነው ያዘዛቸው። መታዘዝን ቃል ገብተው የገቡ መነኩሴ ናቸው። ሹመቱን የሰጣቸውም ይኸው ማኅበር ነው። አባ ቴድ ግን አሻፈረኝ አሉ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ያሳተመውን የምሁር ሥራ ከውጭ ስለታዘዘ ብቻ ከሰበሰበ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ቀረ ነው ነገሩ። ሙሬይ በቀጣዩ ዓመት በዚህ ጉዳይ ላይ እንዳይጽፉ በራሳቸው አለቆች ተከለከሉ። አሥር ዓመት አልፎ በ1965 የቫቲካን ጉባኤ የሃይማኖት ነፃነትን መግለጫ ሲያጸድቅ ግን ከዋናዎቹ አርቃቂዎች አንዱ እኚሁ ሙሬይ ነበሩ። ዛሬ እንዳይጻፍ የተባለው ነገር ነገ የቤተ ክርስቲያኗ ትምህርት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ያንን አሥር ዓመት መታገሥ አለበት። አዛኑም ደወሉም ከአንድ ሰፈር በሚሰማበት እንደ ድሬ ባለ ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

በ1957 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አዲስ የተቋቋመው የሲቪል መብቶች ኮሚሽን አባል አደረጓቸው። የጥቁሮች የመምረጥ መብት፣ የትምህርት ቤት መለያየት፣ የመኖሪያ ቤት መድልዎ፣ ይህንን ነበር የሚያጣሩት። አባላቱ ስድስት ናቸው። ሦስቱ ነጭ የደቡብ ሰዎች፣ ሁለቱ የቀድሞ አገረ ገዥዎች፤ አንዱ አባል ደግሞ ጥቁር ነው። ይስማማሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

በ1959 ክረምት ሉዊዚያና፣ ሽሪቭፖርት ላይ ተሰበሰቡ። ጥቁርና ነጭ አንድ ሆቴል ማደር ስለማይችል ያደሩት አየር ኃይል ሰፈር ነው። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ለእናንተ ሙቀት ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የምስክር መስሚያው ስብሰባም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አባ ቴድ አውሮፕላን አስመጥተው ሁሉንም ጭነው ወደ ሰሜን፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ላንድ ኦ ሌክስ ወደሚባለው የዩኒቨርሲቲው ሐይቅ ዳር ማረፊያ ወሰዷቸው። ከድሬ ሐሩር ተነስቶ፣ ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያ ላይ ነፋሱ ፊቱን ሲነካው የሚሰማውን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እራት ተበላ፣ ዓሣ ተጠመደ፣ አመሻሹ ላይ የውሳኔ ሐሳቦቹን አንድ በአንድ አነሱ። ከ12ቱ በ11ዱ በሙሉ ድምፅ ተስማሙ። አይዘንሃወር እንዴት ተስማማችሁ ብለው ቢጠይቋቸው፣ ሁላችንም ዓሣ አጥማጆች ስለሆንን ነው አሏቸው። ከኮሚሽኑ ምክሮች ብዙዎቹ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ ውስጥ ገቡ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛንም ስለሚነካ። በዚያ ኮሚሽን የአባ ቴድ የሕግ አማካሪ የነበሩት ወጣት ጠበቃ ሃሪስ ዎፎርድ ይባላሉ። እኚህ ሰው በኋላ የሰላም ጓድን፣ ፈቃደኛ አሜሪካውያንን ወደ ሌላ አገር ለሥራ የሚልከውን የመንግሥት ድርጅት፣ ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ። በ1962 የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ መምህራን ኢትዮጵያ ሲገቡ መሪያቸው ሆነው የመጡት ዎፎርድ ናቸው፤ እስከ 1964 እዚህ ቆዩ። የሰላም ጓድ መምህራን ሐረርም ድሬም አስተምረዋል። ከእናንተ መካከል አባቱ ወይም እናቷ በእነሱ ያልተማሩ ቢጠየቅ ሁሉም እጅ የሚያወጣ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ 1967። እስከዚያ ዓመት ኖትር ዳም የማኅበሩ ንብረት ነበር። በሕግ የዩኒቨርሲቲው ባለአደራ የሆኑት ስድስት ካህናት ናቸው። መሬቱ፣ ሕንፃው፣ ገንዘቡ፣ ሁሉም በእነሱ እጅ ነው። አባ ቴድ ይህ ይቀየር አሉ። የዩኒቨርሲቲውን የበላይነት ምእመናን ከካህናት ጋር እኩል ይያዙት አሉ። ማኅበሩ ተከራከረ። ትልልቆቹ አባቶች ዕድሜ ልካቸውን የለፉበትን፣ ያለ ደመወዝ ያስተማሩበትን ቤት «ለሰው ልንሰጠው ነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። በመጨረሻ ማኅበሩ ተስማማ፣ ሮምም ፈቀደች። ላይ 12 የበላይ ጠባቂዎች ተቀመጡ፣ ስድስቱ ካህናት፣ ስድስቱ ምእመናን። ከሥራቸው ሰፊ ቦርድ ተዋቀረ። የቦርዱ የመጀመሪያ ሰብሳቢ አንድ የቺካጎ ጠበቃ ሆኑ፣ ኤድመንድ ስቴፈን። ፕሬዚዳንቱ አባ ቴድ ከዚያ በኋላ ተጠሪነታቸው ለዚህ ቦርድ ሆነ።

የ1945ቱን ጽሑፍ አስታውሱ። ምእመኑ የካህኑ ረዳት አይደለም፣ የራሱ ድርሻ አለው ብለው ነበር። በ1967 ያንን በመተዳደሪያ ደንብ አሰፈሩት። ብዙ ሰው ይህን የ1967 ለውጥ የአስተዳደር ብልሃት አድርጎ ነው የሚያየው፤ ገንዘብ ለመሳብ፣ ጎበዝ ባለሙያ ቦርድ ውስጥ ለማስገባት። ያም አለበት። ግን እኔ ከሥሩ ነገረ መለኮቱን አየዋለሁ። ከያዘው ሥልጣን ላይ በፈቃዱ ቆርሶ የሚሰጥ አለቃ በየአገሩ ብርቅ ነው፤ እሳቸው የሰጡት ደግሞ ለምን እንደሚሰጡ ከሃያ ዓመት በፊት አስበው ስለጨረሱ ነው።

በዚያው ክረምት፣ በዚያው ዓሣ በተጠመደበት ላንድ ኦ ሌክስ፣ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ መሪዎችና ምሁራን ተሰብስበው አንድ ሰነድ ፈረሙ። ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ እውነተኛ ዩኒቨርሲቲ እንዲሆን ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ካለ ከማንኛውም ሥልጣን፣ ከምእመንም ይሁን ከካህን፣ ነፃ መሆን አለበት የሚል ነው። ይህ ሰነድ እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። «የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ሃይማኖታቸው የላላው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው» የሚሉ አሉ፤ ቀላል ሰዎችም አይደሉም። ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1990 ስለ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ባወጡት ሕግ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያለውን ገመድ መልሰው ጠበቅ ለማድረግ ሞክረዋል። እኔ ግን ከአባ ቴድ ጋር ነኝ። ሰነዱ ነገረ መለኮት ራሱ በዩኒቨርሲቲው መሀል ይቀመጥ፣ ከሌሎቹ ዕውቀቶች ጋር ይነጋገር ይላል። ከግቢ ውጣ አላለውም።

ሁሉም ሥራቸው ግን ያስደስተኛል ማለት አይደለም። በ1969 የተማሪ ተቃውሞ ሲጋጋል በማግባባት ፋንታ ኃይል ለሚጠቀም ሰው 15 ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ካልተወ ይታገዳል የሚል ደብዳቤ አወጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ 10 ተማሪዎች በዚህ ተቀጡ። ለእኔ ይህ ችኮላ ነው። ተማሪ ሲቆጣ 15 ደቂቃ ምንም አይደለም፤ ይህን የአገራችን ግቢዎች ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ደብዳቤውን ወደውት መንግሥት በተማሪዎች ላይ ሕግ ለማውጣት ሲያስብ ግን አባ ቴድ ተቃወሙ። ይህ የዩኒቨርሲቲዎቹ ጉዳይ ነው፣ እጃችሁን አንሱ አሉ። በቀጣዩ ዓመት የቬትናም ጦርነት ወደ ካምቦዲያ ሲሰፋ ተማሪው ፊት ቆመው ጦርነቱን አወገዙ። ሴት ተማሪዎችን የተቀበሉት በ1972 ነው፣ ዩኒቨርሲቲው በተመሠረተ በ130 ዓመቱ። ዘግይቷል። ግን ተደረገ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒክሰን ከሲቪል መብቶች ኮሚሽኑ ሰብሳቢነት አስለቀቋቸው፤ የመንግሥታቸውን የሲቪል መብት አፈጻጸም በአደባባይ ሲተቹ ስለነበር።

ወደ እኛ ቤት ልመለስ። መነኩሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመራ ማየት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ሆነው እዚሁ ሐረር የተማሩት ካፑቺን በሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በኩል ነው። መምህራቸው አባ ሳሙኤል በ1915 ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥሞ ነው የሞቱት። ንጉሠ ነገሥቱ በኋላ ካናዳውያን ኢየሱሳውያንን ወደ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አመጡ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈትም መሪ ያደረጉት ከእነሱ አንዱን ነው፣ ዶክተር ሉሲየን ማትን። ግን በቅድመ ሁኔታ፦ የካህን ልብስ አይለበስም፣ ስብከት የለም። ሱፍና ክራቫት አድርገው ሠሩ። እዚህ ላይ ያለው ልዩነት ያሳስበኛል። አባ ቴድ ቅስናቸውን ይዘው ነፃነትን ለዩኒቨርሲቲው አስገኙ። የእኛው ኮሌጅ መሪዎች ቅስናቸውን ቤት ትተው መጡ፣ ኮሌጁ ግን የቤተ መንግሥቱ ሆኖ ቆየ። ዩኒቨርሲቲን ነፃ የሚያደርገው የመሪው ልብስ አይደለማ፤ ቦርዱ ላይ ማን ተቀመጠ፣ ማንስ ያዛል የሚለው ነው።

ዛሬ ይህ ጥያቄ በራችን ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2015 የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥር 1294። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ገብቶበታል። ተራው ወደ እኛ ሲመጣ ስለ ገቢና ስለ ክፍያ ብቻ እንዳንነጋገር እለምናችኋለሁ። የፕሬዚዳንት እጩ ፊታችሁ ሲቆም ስትራቴጂክ ዕቅዱን ትጠይቁታላችሁ፣ ጥሩ ነው። የዶክትሬት ጽሑፉ ስለ ምን እንደነበርና ከዚያ ጽሑፍ የትኛውን ሐሳብ ቢሮ ይዞ እንደሚገባም ጠይቁት።

ከጥያቄዎቹ።

የእስልምና ትምህርት የሚያስተምሩ አንድ ኡስታዝ፣ ቅስናቸው ጠቀማቸው ወይስ አሰናከላቸው ብለው ጠየቁኝ። ጠቅሟቸዋል ኡስታዝ፣ በአንድ ነገር በተለይ። ድህነትን ቃል የገቡ ሰው ናቸው። ደመወዝ ወደ ኪሳቸው አይገባም፤ ዕድሜያቸውን የኖሩት ከማኅበሩ ካህናት ጋር በአንድ ቤት ውስጥ፣ በጠባብ ክፍል ነው። ስለዚህ ሹመታቸውን የሚያስፈራራ ሰው የሚነጥቃቸው ነገር አልነበረም። በ1954 እምቢ ለማለት ይህ ነገር ብዙ አግዟቸዋል።

አንዲት ወጣት መምህርት ደግሞ፣ ምእመናን እኩል ናቸው ካሉ ፕሬዚዳንቱ ለምን እስከ ዛሬ ካህን ብቻ ይሆናል አለችኝ። ልክ ነሽ እህቴ። የዩኒቨርሲቲው ደንብ ፕሬዚዳንቱ ከማኅበሩ ካህናት ይመረጣል ይላል፤ አባ ቴድ ይህን አልነኩትም። ሥራው ግማሽ ላይ ነው የቆመው፣ በእኔ አስተያየት። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሦስቱም ካህናት ናቸው። ሁሉም ግን የነገረ መለኮት ሰዎች አይደሉም። በ2024 ሥራ የጀመሩት አባ ሮበርት ዳውድ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ናቸው፤ ያጠኑትም ክርስትናና እስልምና ከዴሞክራሲ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ነው፣ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ። ጽሑፋቸውን ቢሮ ይዘው ገብተው እንደሆነ ገና እናያለን።